ዓባይ ማደሪያ አለው? ከዴልታው ጭቃ የተነሳ ክር

ክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረካችን ላይ ስለ ዓባይ ጭቃ የተካሄደውን ውይይት፣ የከፈትኩት እኔው ነኝ፤ ስለዚህ የወቀሱኝን ሰዎች ቃል ሳስቀምጥ ትንሽ ወደ ራሴ ባደላ ታዝባችሁ እለፉኝ። ምላሾቹ 36 ደርሰው አወያዩ ከዘጋው በኋላ ከየት ጀምሬ ላንብብ የሚል መልእክት በውስጥ መስመር ስለበዛብኝ፣ ማን ምን እንዳለ ተራ ቁጥሩን ተከትዬ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የተጸነሰው ዓባይ በረሃ ውስጥ ነው። ባለፈው ሐምሌ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ስንሄድ የአውቶቡሱ ጎማ ቁልቁለቱ ላይ ፈነዳና ግማሽ ሰዓት ቆምን። ከታች የሚታየው ውሃ ውሃ አይመስልም፤ በሶ የተበጠበጠበት ነው የሚመስለው። ማታ ቤቴ ገብቼ ጻፍኩ። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል የሚለው ተረት ልክ አይደለም አልኩ። ማደሪያማ አለው፤ ግብፅ ሜዲትራኒያን ዳር ያለው ዴልታ ላይ አፈራችንን በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ሲያነጥፍ ኖሯል። ስለዚህ ያንን ጭቃ እስከ ታች በቱቦ ሰርስሮ ያወጣ ሰው፣ አባቶቻችን ደጋውን መንጥረው በሬ የጠመዱበትን ዘመን በጣቱ ነክቶ ሊያሳየን ይገባል። በዚያ ላይ ድፍረት ጨመርኩበት። ወፍራም የጭቃ ንጣፍ የደህና ክረምት ምልክት ነው፣ ስስ ንጣፍ ደግሞ የድርቅ፤ ይህን ያነበበ ካለ ይንገረኝ ብዬ ዘጋሁት።

የመጀመሪያው ምላሽ ምስጋና ነበር፣ ከነእግዜር ይስጥልኙ። ሁለተኛው ላይ የጂኦሎጂ ተማሪ ነኝ ያለ ልጅ መጣ። ክሩን እስከ መጨረሻው ተሸክሞ የሄደው እሱ ነው ማለት ይቻላል። በጨዋ ቋንቋ ያስረዳው ይህን ነው። የበረዶው ዘመን ሲያልቅ ባሕሩ ከ100 ሜትር በላይ ወጣ፤ የመውጣቱ ፍጥነት ሲቀንስ፣ ከዛሬ 8,500 እስከ 6,500 ዓመት ገደማ በፊት፣ ዴልታው አሁን በምናውቀው መልኩ መቆለል ጀመረ። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርዱት ዓባይና ተከዜ (ሱዳን ገብቶ ከአትባራ ጋር የሚቀላቀለው) ናይል ከሚሸከመው ደለል ከ90 በመቶ በላይ ያዋጣሉ። ነጭ ዓባይ ደለሉን ደቡብ ሱዳን ረግረግ ውስጥ አራግፎ ስለሚመጣ ድርሻው ትንሽ ነው። የማን አፈር የማን እንደሆነም ይለያል፤ የእኛ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ባሳልት የሚባል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ የነጭ ዓባይ አገር ድንጋይ ግን እጅግ ያረጀ፣ ስለዚህ በጭቃው ውስጥ ያለው የስትሮንቲየም አይሶቶፕ (የአንዱ ንጥረ ነገር ክብደታቸው የተለያየ አተሞች) ምጥጥን ይለያያል።

ሦስተኛው ላይ አንዱ ስትሮንቲየም በእንጀራ ይበላል ወይ ሲል ቀለደ። ልጁ አልተቆጣም። የይርጋጨፌንና የሐረርን ቡና አንድ ጀበና ውስጥ ብትቀላቅለው፣ ጥሩ ምላስ ያለው ሰው የትኛው እንደበዛ እንደሚነግርህ፣ መሣሪያውም የሁለቱን ወንዞች ጭቃ እንዲሁ ቀምሶ እንደሚመዝን በአራተኛው ምላሽ አስረዳ። ከዚያ በኋላ ክሩ ውስጥ ሁሉም ሰው ጭቃ ቀማሽ ሆነ።

አምስተኛው መሬት አስያዘኝ። ጀርመን የሚኖር ይመስለኛል፤ ሐሳቤ የተገለበጠ መሆኑን ያለ ብዙ ማጌጥ ጻፈ። ማይክል ክሮም፣ ዳንኤል ስታንሊና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ሥራ ከዴልታው ሰሜን ምሥራቅ፣ ከመንዛላ ሐይቅ በወጣ ጭቃ ላይ የተመሠረተ ነው። የ7,000 ዓመት ታሪክ አንብበውበታል። ደጋው ላይ ዝናብ ሲበረታ ሣሩና ዛፉ አፈሩን ቆንጥጦ ይይዛል፤ ስለዚህ ውሃው ይበዛል እንጂ ከዓባይ የሚመጣው ደለል አይበዛም። ዝናቡ ሲሳሳ ግን ምድሩ ይራቆታል፣ ያቺው ያለችው ዝናብም ራቁቱን አፈር ጠርጋ ትሄዳለች። ከ4,200 ዓመት ገደማ በፊት በነበረው ድርቅ በጭቃው ውስጥ የዓባይ ድርሻ ከፍ ብሎ ይታያል። ወፍራም ንጣፍ የጥጋብ ማስረጃ ነው ማለቴ እንግዲህ በአንድ አንቀጽ ተናደ።

ዝም ብዬ ብቀበል ጥሩ ነበር። ስድስተኛው ላይ እኔ ነኝ፤ ገጠር ያደገ ሰው ጎርፍ አፈር እንደሚወስድ በዓይኑ አይቷል፣ ከአይሶቶፕ ዓይኔን አምናለሁ ብዬ ተከራከርኩ። አሁን ሳነበው ያሳፍራል።

ያዳኑኝም የቀበሩኝም ሰባተኛው ላይ የጻፉት አንድ አባት ናቸው። ጎጃም ውስጥ ለረጅም ዓመታት በግብርና ባለሙያነት የሠሩና አሁን ጡረታ ላይ ያሉ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እያልን ነው ያናገርናቸው። እንደሳቸው አባባል ሁለታችንም ግማሽ ግማሹን ይዘናል። አፈሩ የሚሄደው ዝናቡ ከሁሉ በሚበረታበት ወቅት ሳይሆን ማሳው ራቁቱን ባለበት ወቅት ነው። የጤፍ ማሳ አራት አምስት ጊዜ ታርሶ ልሞ፣ ገና ሳይዘራ ወይም ሳይሸፍን፣ በሰኔና በሐምሌ ዝናብ ይታጠባል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወንዙ ከሁሉ ጊዜ ይልቅ ይሞላል፤ ነገር ግን አዝመራው መሬቱን ስለሸፈነው የውሃው ጭቃ ሳስቷል። ሥራ ላይ ሳሉ ለገበሬው የሚያሳዩበት ዘዴ ነበራቸው። በሃይላንድ የወንዝ ውሃ ይቀዱና መስኮት ላይ ያስቀምጡታል። የሐምሌው በማግሥቱ ከሥሩ ሁለት ጣት ጭቃ ያስቀምጣል፣ የጳጉሜኑ የጥፍር ያህል። ገበሬው ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስቶ አገላብጦ ካየ በኋላ ስለ እርከን ብዙ ማውራት አያስፈልግም ነበር።

ይህ ምላሽ ከክሩ ሁሉ ብዙ ሰው የወደደው ነው። እኔም ወድጄዋለሁ፣ ምንም እንኳን በሱ ብሸነፍም።

ስምንተኛዋ እኅታችን አሽዶድ ነው የምትኖረው። ከክረምት ማዕበል በኋላ የባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር እንደሚታይ፣ እናቷ አንድ ቀን እሱን በእጇ ዘግና የአገሬ አፈር ነው እንዳለች፣ እሷም ያኔ እንደሳቀችባት ጻፈችና ፎቶ አያያዘች። ዘጠነኛው ጭካኔ የተሞላበት ነበር። ያ አሸዋ በብዛት ኳርትዝ የሚባል ማዕድን መሆኑን፣ ባሳልት ደግሞ ኳርትዝ እንደማይሰጥ፣ ናፍቆት ሳይንስ እንዳልሆነ ቁጭ አደረገው። ትክክል ነው፤ አነጋገሩ ግን የሰው እናት ላይ የሚወረወር አልነበረም። አሥረኛው ላይ ተማሪው ገባና አስታረቀ። ከናይል አፍ የወጣ አሸዋ በባሕሩ ሞገድና ወንዝ መሰል ጅረት እየተገፋ በሲና፣ በጋዛ፣ በአሽዶድ፣ በቴል አቪቭ ዳርቻ አልፎ እስከ ሐይፋ ባሕረ ሰላጤ ይደርሳል። አብዛኛው በርግጥ ኳርትዝ ነው። ነገር ግን ከውስጡ ትንሹ ክፍል ከባድ ማዕድናት ናቸው፣ ከነሱም አውጋይት የሚባለው ከኢትዮጵያ ባሳልት የሚመጣ ነው። ማዕበል ቀላሉን አሸዋ አጥቦ ሲወስድ ከባዱ ጥቁሩ ወደኋላ ይቀራል። ስለዚህ እናትየዋ የዘገኑት እፍኝ ውስጥ ጥቂት ቅንጣት ከስሜን ወይም ከጮቄ መምጣቱ የማይታመን ነገር አይደለም።

አሥራ አንደኛው የሷው ነው፤ ለዘጠነኛው መልስ ሳትሰጥ፣ ማግኔት በፌስታል ጠቅልላ ጥቁሩ መስመር ላይ ስታንቀሳቅስ ቅንጣቶቹ እንደ ጢም እየቆሙ መያዛቸውን አሳየች። ተማሪው ማግኔት የሚይዘው ማግኔታይት እንጂ አውጋይት አለመሆኑን ሊያርማት ሲጀምር ሦስት ሰው ተው አለው።

12ኛው ከባሕር ዳር ነው፣ ክሩንም ወደ ዕፀዋት መለሰው። እ.ኤ.አ. በ2012 ክሪስቶፈር በርንሃርት ከሆርተንና ከስታንሊ ጋር ያሳተመው ጥናት ከዴልታው ጭቃ የአበባ ብናኝና የከሰል ቅንጣት ቆጥሯል። የቆጠሩት ብናኝ የማን እንደሆነ ሲነግረን ደስ አለኝ። የደንገል ዘመዶች ነው፤ ያ ጣና ላይ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል፣ ያ በዓል ሲመጣ ወለል ላይ የምንጎዘጉዘው ቄጠማም የዚያው ቤተሰብ ነው። ውሃ ሲያጥር ዴልታው ላይ የደንገሉ ብናኝ ይቀንሳል፣ የእሳት ከሰል ይበዛል። ይህ ከታየባቸው ወቅቶች አንዱ ከ4,200 ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ፒራሚዶቹን የሠራው ጥንታዊው የግብፅ መንግሥት የፈራረሰበት ጊዜ። ከጣና ሐይቅ ወለል የወጣ ደለልም በዚያው ገደማ የውሃ ማነስ ያሳያል። ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ተራርቀው ያሉ ጭቃዎች አንድ ነገር መናገራቸው ነው።

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ተደስቶ ነበር። 13ኛው ዘመኑን እንዴት አወቃችሁት የሚል ነገር ይዞ መጣ። የደለል ዕድሜ የሚለካበት ካርቦን 14 በዴልታ ላይ ተንኮለኛ ነው፤ ወንዙ ዳር ዳሩን እየናደ ከሺህ ዓመት በፊት የሞተ ሥራሥር ከአዲሱ ጭቃ ጋር አምጥቶ ያስቀምጣል፣ ስለዚህ ንጣፉ ከዕድሜው በላይ አርጅቶ ይታያል። ስታንሊ ራሱ ይህን ጽፏል። ቀንድ አውጣና ዛጎል ብትመዝንም ባሕሩ የራሱ አሮጌ ካርቦን አለው። ሰውዬው የደመደመው ሁሉንም ጥናት ወደ ቆሻሻ ቅርጫት በመጣል ነበር፤ ያ ግን ከተናገረው በላይ መሄድ ነው። በአንድ ንጣፍ ላይ ብዙ ናሙና ትወስዳለህ፣ ወጣቱን ዕድሜ ታምናለህ፣ ከሌላ ቦታ ጋር ታመሳክራለህ። ተማሪው ይህን ሲመልስ ለመጀመሪያ ጊዜ ትዕግሥቱ ሲያልቅ ታየ።

ከ14 እስከ 18 ያለውን ብትዘሉት አይቆጨኝም። ዓባይ በተነሳበት የአማርኛ ክር ሁሉ እንደሚሆነው የሕዳሴ ግድብ መጣ። አንዱ አፈራችንን ለሺህ ዓመታት በነጻ ሲወስዱ የነበሩ ሰዎች ካሣ ይክፈሉን አለ፣ ሌላው አፈር ያልጠበቀ ራሱን ይውቀስ አለ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ሰደበ። 16ኛው ተሰርዟል፤ አይቼው ነበር፣ መሰረዝ የሚገባው ነበር። አወያዩ ክሩ ስለ ጥንት ጭቃ መሆኑን አስታውሶ አስጠነቀቀ።

ከዚያ ጭቅጭቅ አንድ ነገር ብቻ ተረፈ፣ እሱም 19ኛው። ግብፆች የአስዋንን ትልቁን ግድብ ሲሠሩ እ.ኤ.አ. በ1964 ወንዙን ዘጉት፣ በ1970 ሥራው አለቀ። ከዚያ ወዲህ ደለሉ ግድቡ ኋላ ነው የሚያድረው። ዴልታው ምግቡ ተቋረጠበትና ባሕሩ ይበላው ጀመር፤ ራሺድ የሚባለው የናይል ቅርንጫፍ አፍ ላይ በአንዳንድ ዓመት ዳርቻው በአሥሮች የሚቆጠር ሜትር ወደኋላ ሸሽቷል። ስለዚህ በዴልታው ጭቃ ላይ የማያሻማ የሰው እጅ ማየት ለሚፈልግ ሰው፣ የዓባይ አፈር የጠፋበት የላይኛው ንጣፍ ራሱ ነው ብሎ ጨረሰ። ይሄ ምላሽ ውስጤ ቀርቷል። የፈለግኩት የአፈርን መምጣት ነበር፤ የሰው እጅ ቁልጭ ብሎ የታየው ግን በመቅረቱ ነው።

20ኛው ወደ እስክንድርያ ወሰደን፤ ከክሩ ሁሉ የተማርኩበት ቦታ ይህ ነው። ከተማዋን ታላቁ እስክንድር 331 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት መሠረተ ተብለን ነው ያደግነው። ከወደቧ ወለል ደለል አውጥተው የመረመሩ ሰዎች ግን ከሱ ዘመን በታች ባለው ጭቃ ውስጥ እርሳስ የሚባለውን ብረት አገኙ፤ አላን ቬሮንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ነው። አንዱ ጭማሪ እስከ ጥንታዊው የግብፅ መንግሥት ድረስ ይወርዳል፣ ሌላው ከክርስቶስ ልደት በፊት 1000 እስከ 800 ገደማ ነው። ስታንሊና ባልደረቦቹም በዓመቱ ከዚያው ወደብ ከወጡ ሰባት የጭቃ ናሙናዎች የሸክላ ስባሪ ጭምር አግኝተው እስክንድር ከመምጣቱ በፊት ሰው ይኖር እንደነበር ጻፉ። 20ኛው ያከለበት አስተያየት የኔንም ጥያቄ የሚነካ ነው። ደለል ሲበዛ ሰማዩ ነው ወይስ ማረሻው ብሎ መጠራጠር ይቻላል፣ የአበባ ብናኝ ሲቀንስም እንዲሁ። እርሳስ ግን ከሰማይ አይዘንብም። የቀለጠ ብረት፣ የዓሣ መረብ ማጥለቂያ፣ የመርከብ ዕቃ፣ ኋላም የውሃ ቱቦ፤ ሰው ያለበት ቦታ ነው ከጭቃው ውስጥ ከመጠን በላይ የሚገኘው። አይሶቶፑም እርሳሱ ከአካባቢው ድንጋይ የመጣ ወይም ከውጭ የገባ መሆኑን ይለያል።

21ኛዋ በዚያው ላይ ጨመረች። እስክንድርያን ከፋሮስ ደሴት ጋር ያገናኘው ሄፕታስታዲዮን የሚባል የድንጋይ መንገድ ሲሠራ ሞገዱ ተዘጋ፣ ግራና ቀኙ አሸዋ ተጠራቀመ፣ ዛሬ ከተማው ላዩ ላይ ተሠርቶበታል። ሰው ባሕር ውስጥ ድንጋይ ደረደረ፣ ቀሪውን ባሕሩ ራሱ ጨረሰለት።

22ኛው ምጽዋ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ ለምን ግብፅ ድረስ እንደሄድን ተቆጣ። ዙላ ባሕረ ሰላጤ ላይ አዶሊስ አለ፣ የጥንቱ ወደብ ዛሬ ከባሕሩ ርቆ በየብስ ነው የሚገኘው፤ እዚያው ባሕረ ሰላጤ ላይ አብዱር በተባለ ቦታ ደግሞ 125,000 ዓመት ገደማ ባለው የኮራል ድንጋይ ውስጥ ጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ይፋ ሆኗል። ልክ ነው፣ የራሱ ክር የሚገባው ነገር ነው። ግን 23ኛው አዶሊስ የማን ነው የሚል ነገር ወረወረ፣ 24ኛው መለሰ፣ አወያዩ ሁለቱንም ዘጋ። ሰውየው ተመልሶ አልመጣም፤ አዝኛለሁ።

25ኛው አጭር ማስጠንቀቂያ ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 21 ቀን 365 ከቀርጤስ አካባቢ በተነሳ የመሬት መንቀጥቀጥ የመጣ ሱናሚ እስክንድርያን መትቷል፤ በአቡ ቂር ባሕረ ሰላጤም መሬቱ ተንሸራትቶ የሰመጠችውን ሄራክሊዮን የተባለች የግብፅ ጥንታዊ ከተማ የባሕር ውስጥ ቅርስ ተመራማሪው ፍራንክ ጎዲዮ እ.ኤ.አ. በ2000 አግኝቷታል። ስለዚህ ጭቃው ውስጥ የአሸዋ ንጣፍ ያየ ሁሉ ድርቅ ወይም ገበሬ ብሎ እንዳይቸኩል።

የመጨረሻው ትልቅ ጠብ 26ኛው ላይ ጀመረ። በ1900 ከኢትዮጵያ ምድር 40 በመቶው ደን ነበር፣ እኛ ነን የጨረስነው የሚለውን የቆየ ቁጥር አንዱ እንደ ጸሎት ደገመው። 27ኛው ላይ ደሴ የሚያስተምሩ መምህር ለዚያ ቁጥር ማስረጃ አምጣ አሉት፣ አላመጣም። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን ያንን ቁጥር መሠረት የለሽ ብሎ ከተቸው ቆይቷል። መምህሩ የያዙት ማስረጃ ከደጃቸው ነው። ሐይቅና ሐርዲቦ የሚባሉት ሁለት ሐይቆች ናቸው፣ ሁለቱም ከደሴ ቅርብ ናቸው። ከወለላቸው የወጣው ደለል ላይ የተደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2003 ሲወጣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሙሐመድ ኡመርም ነበሩበት። በዚያ መሠረት ጥዱና ዝግባው የተመነጠረው ባለፈው መቶ ዓመት ሳይሆን ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ገደማ ነው፤ ቦታውን ክትክታና ሣር ወረሱት። ከዚያ ከ1400 እስከ 1700 ባሉት ዓመታት ጥድና ወይራ ተመልሶ በቀለ። ባለፉት 300 ዓመታት ደግሞ እንደገና ተመነጠረ። ደን ይሄዳል፣ ይመጣል። 26ኛው ይህን ሲያነብ መምህሩን ለመንጣሪ ጠበቃ ቆመዋል ብሎ ከሰሳቸው፤ እሳቸውም ማንበብ የሚችል ሰው ጋር ብቻ እንደሚከራከሩ ነግረውት ወጡ። በኔ ግምት መምህሩ ትክክል ናቸው፣ ቃላቸው ግን ትንሽ ሹል ነበር።

ለመክፈቻ ጥያቄዬ መልስ የምለው 30ኛው ላይ ያለው የተማሪው ጽሑፍ ነው። ደጋው ላይ የታረሰ አፈር በአንድ ክረምት ሜዲትራኒያን አይደርስም። ከፊሉ ገደል ሥር ያድራል፣ ከፊሉ ሱዳን ሜዳ ላይ፣ ከፊሉ ግብፅ ማሳ ላይ፤ በሌላ መቶ ዓመት ተነስቶ ይቀጥላል። የወሎው፣ የጎንደሩና የጎጃሙ ሁሉ እየተቀላቀለ ስለሚሄድ፣ የመጀመሪያው በሬ የተጠመደበት ንጣፍ መንዛላ ላይ ቁልጭ ብሎ አይገኝም። ማረሻውን ለማየት ከሥሩ ያሉትን ሐይቆች ማንበብ ነው፤ ዴልታው የሁሉንም ድምር ነው የሚነግርህ። 31ኛው ላይ ጥያቄዬ ከግማሽ በላይ እንደተሳሳተ ጻፍኩ። ተረቱንም ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ዓባይ ማደሪያ አንድ ሳይሆን መቶ ነው ያለው።

ቀሪዎቹ ከምስጋና ብዙም አያልፉም። 35ኛው ላይ ጋሼ ዘንድሮም እንደ ድሯቸው እንደቀዱ ነግረውን ፎቶ ለጠፉ። መስኮት ላይ ሦስት ሃይላንድ ተደርድሯል፣ በፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ ሰኔ 28፣ ሐምሌ 20 እና ነሐሴ 25 ተጽፎበታል፣ የመሐለኛው ግማሽ ጣት ያህል ከሁሉም በልጦ ጠቁሯል። የአሽዶዷ እኅታችን 36ኛው ላይ ያንን የሐምሌውን ለእናቷ ሊልኩላት ይችሉ እንደሆነ ጠየቀች። ምላሹን አወያዩ ከመዝጋቱ በፊት ከሥሩ ጨመሩላት። ድሮ ቢሆን ራሱ በውሃ ይመጣልሽ እንደነበር፣ አሁን ግን መንገዱ ላይ ግድብ ስለበዛ በሰው እንደሚልኩላት።